ኮክሌር ኢምፕላንት ምንድን ነው?

ደሴ የምትኖረው አክስቴ የመስሚያ መሣሪያዋን ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። «ጩኸቱ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይገባኝም» አለችኝ። ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ አነጋገሯ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኮክሊያ የሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ አካል አለ። በውስጡ ያሉት 15,000 ገደማ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው ለነርቭ ያቀብላሉ። እርጅና፣ የበዛ ጩኸት፣ ማጅራት ገትር፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም ይገድሏቸዋል። የሰው ልጅ ደግሞ አይተካቸውም። መስሚያው ድምፅን ያጎላል፤ ተቀባዮቹ ካለቁ ግን የጎላው ድምፅ ማን ዘንድ ይደርሳል? ኢምፕላንቱ እነርሱን አልፎ ነርቩን ራሱን ይቀሰቅሳል።

ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፅ ይቀበልና በማግኔት በተያያዘ አስተላላፊ ቆዳን አሻግሮ ይልከዋል። በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር የተቀመጠው ተቀባይ ኮክሊያ ውስጥ በገባ ቀጭን ሽቦ ላይ ለተደረደሩ ከ12 እስከ 22 ለሚደርሱ ኤሌክትሮዶች (ነርቩን በኤሌክትሪክ ለሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ነጥቦች) ያከፋፍለዋል። የመጀመሪያው ሙከራ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ተደረገ፤ በ1978 ደግሞ አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ ሜልቦርን ላይ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን ተከለ።

አሁን ለወሎ ሰው ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የ15,000 ሕዋሳትን ሥራ ሃያ ሁለት ኤሌክትሮዶች ሲረከቡ ንግግር ይተርፋል፤ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ግን ይደበዝዛል። የባቲን ቅኝት ከአምባሰል ቅኝት የሚለየው በአምስቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ አንዳንዴም ግማሽ ድምፅ ብቻ። ብዙ ባለ ኢምፕላንቶች ይህን ርቀት መለየት ይቸግራቸዋል። የመንዙማው ድቤ ምት ደህና አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ዜማው ግን ያስቸግራል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ክፉኛ ያዝናል።

መሣሪያው የሚከፈተው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የሰው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ሊያንኳኳ ይችላል፤ አእምሮ በወራት ልምምድ ይላመደዋል። ቤተሰብ ጮክ ብሎ ሊያነብለት፣ ቡና ላይም በየተራ ሊናገር ይገባል፤ ጫጫታ ውስጥ መለየት ከባድ ነውና። ሌሊት የውጭው ክፍል ሲወልቅ ዝምታው ይመለሳል። በቀዶ ሕክምናው የቀረው የመስማት አቅም ሊጠፋ ይችላል፤ ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ የሰውነት ምርመራ) ከመነሳት በፊትም ኢምፕላንቱ ማግኔት እንዳለው መናገር ግድ ነው።

ከአዋቂዎች መካከል ይበልጥ የሚጠቀመው ንግግር ከለመደ በኋላ መስማት ያጣና በዝምታ ብዙ ዓመት ያልቆየ ሰው ነው። ማጅራት ገትር ያደነቆረው ግን ፈጽሞ መዘግየት የለበትም፤ የኮክሊያው ውስጥ በአጥንት ሊሞላና ሽቦውን ማስገባት ሊያስቸግር ይችላል።

አክስቴ «አምባሰልን እሰማው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። የልጆችሽን ቃል ተስፋ አድርጊ፣ ስለ አምባሰል ግን ቃል አልገባልሽም አልኳት። ውሳኔው የሚጀምረው በትክክል የተስተካከለ መስሚያ አድርጋ ስንት ቃል እንደምትለይ በሚለካ ምርመራ ነው። ሳጥኑን ከፍተን መሣሪያዋን አወጣነው።