ዋና ሐሳብ ምንድን ነው? ልጆች ከአጭር ምንባብ ውስጥ እንዴት ያገኙታል?

ዋና ሐሳብ ማለት ምንባቡ ስለ ጉዳዩ ሊነግረን የፈለገው፣ ሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ የሚያስረዱት አንድ ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ በምንባቡ ውስጥ በግልጽ ሲጻፍ፣ የያዘው ዐረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል። የሚያብራሩት፣ ምሳሌና ምክንያት የሚሰጡት ደግሞ መዘርዝር ሐሳቦች ናቸው።

ልጆችን መጀመሪያ የሚያደናግራቸው ርዕስና ዋና ሐሳብ ነው። «ለምንባቡ ተስማሚ ርዕስ ስጡ» እና «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ ይመስሏቸዋል። ርዕስ «የእንሰት ጥቅም» ብሎ ሊቆም ይችላል። ዋና ሐሳብ ግን ማሰሪያ ግሥ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ «ስለ እንሰት» ብሎ ከመለሰ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ስህተት ነው ብሎ ከማለፍ «ስለ እንሰት ምን ይላል?» ብሎ ማስከተል ነው።

ለ3ኛ ክፍል የሚሆን ምንባብ እንውሰድ።

«እንሰት ለሰው ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ተክል ነው። ከግንዱና ከሥሩ ቆጮና ቡላ ይዘጋጃል። ሰፊው ቅጠሉ ዳቦ ሲጋገር መጠቅለያ ይሆናል። ከቃጫው ገመድ ይሠራል። ቅጠሉን ከብቶችም ይመገቡታል።»

ልጁ መጀመሪያ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ቀጥሎ በየዐረፍተ ነገሩ የሚመላለሰው ነገር ማን ወይም ምን እንደሆነ ይፈልግ፤ ስሙ ባይጠራም «ቅጠሉ»፣ «ቃጫው» የሚሉት ቃላት ወደ እንሰት ይመልሱታል። ከዚያ ምንባቡን ዘግቶ በራሱ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። መዝጋቱ አስፈላጊ ነው፤ ገጹ ፊቱ ከተዘረጋ ዓይኑ የገባለትን ዐረፍተ ነገር መርጦ ይገለብጣል።

ከዚህ ምንባብ ሦስት ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይመጣል። «ከእንሰት ቃጫ ገመድ ይሠራል» የሚለው ጠቧል፤ እውነት ቢሆንም አንዱን መዘርዝር ብቻ ይዟል። «ዕፅዋት ለሰው ልጅ ይጠቅማሉ» የሚለው ሰፍቷል፤ ምንባቡ ስለ ሌላ ተክል አንድም ቃል አልተናገረም። «እንሰት በደቡብ ኢትዮጵያ በብዛት ይበቅላል» የሚለው ደግሞ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። ይህኛው መልስ ሊያስመሰግን ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዕውቀቱን አድንቆ «ይህ የተጻፈው የት ነው? በጣትህ አሳየኝ» ማለት ይበቃል።

መልሱን ለመፈተን «ለምሳሌ» የምትለው ቃል ትረዳለች። ልጁ የመረጠውን ሐሳብ ያስቀድምና በሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች ፊት «ለምሳሌ» ይጨምር። «እንሰት ብዙ ጥቅም ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከቃጫው ገመድ ይሠራል» ቢባል ያስኬዳል። «ከቃጫው ገመድ ይሠራል፤ ለምሳሌ ቅጠሉ የዳቦ መጠቅለያ ይሆናል» ሲባል ግን ጆሮው ራሱ እንቢ ይላል። ምንባቡ ምክንያት የሚዘረዝር ከሆነ «ምክንያቱም» በቦታዋ ትገባለች።

ኃይለ ቃሉ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ አይገኝም። ልምምዶቹ ሁሉ እንደ እንሰቱ ምንባብ ከተዘጋጁ ልጁ ሳያነብ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር መገልበጥ ይማራል፤ ውጤቱም ያታልላል። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚከተለውን ዓይነት መስጠት ይገባል።

«አህያ ከወንዝ ውኃ ታመጣለች። እህል ወደ ወፍጮ ቤት ትወስዳለች። በገበያ ቀን ማገዶ ትጭናለች። ምንም እንኳ ብዙ ሰው ባያመሰግናትም፣ አህያ የገጠሩን ሰው ሥራ የምታቀል እንስሳ ናት።»

እዚህ ኃይለ ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌላም ወጥመድ አለው። በአማርኛ ማሰሪያው የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ገና ንባብ የሚለማመድ ልጅ «ምንም እንኳ» ያለውን ይዞ «ሰዎች አህያን አያመሰግኗትም» ብሎ ይመልሳል። «ምንም እንኳ»፣ «ቢሆንም»፣ «ይሁን እንጂ» ሲያጋጥሙት ክብደቱ ከእነሱ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ መሆኑን አስምሮ ማሳየት ያስፈልጋል። «ስለዚህ» እና «በአጠቃላይ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃይለ ቃል ይዘው ይመጣሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ዋና ሐሳቡ ያልተጻፈበት ምንባብ ነው፤ ሁለቱ ዓይነቶች ሳይደላደሉ አይሰጥ። «ደጁ ጭቃ ሆኗል። ገመድ ላይ ያደረው ልብስ ርሷል። ጣሪያው በሚያፈስበት ቦታ ባልዲ ተቀምጧል። ወንዙ ስለሞላ ተማሪዎቹ መሻገር አልቻሉም።» ዝናብ የሚል ቃል የለም። ልጁ አራቱን ነገሮች አንድ ላይ ያመጣቸው ምን እንደሆነ ጠይቆ «ሌሊቱን የጣለው ከባድ ዝናብ ሰዎቹን አስቸገራቸው» ወደሚል ዐረፍተ ነገር መድረስ አለበት። ልጁ «ዘነበ» ብሎ ካቆመ «ዝናቡ ምን አደረገ?» ይባል።

ለ2ኛ ክፍል 4 ወይም 5 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፤ በ4ኛ ክፍል ወደ 8 ከፍ ማድረግ ይቻላል። በቀን አንድ ምንባብ ተነጋግሮ መሥራት አምስቱን በጥድፊያ ከመጨረስ በእጅጉ ይሻላል።

ልጁ ይህ ሁሉ ተደርጎም መልስ ካጣ፣ ምንባቡን መምህሩ ወይም ወላጁ ጮክ ብሎ ያንብብለትና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀው። ሰምቶ በትክክል ከመለሰ ችግሩ ዋና ሐሳብ መለየት አይደለም፤ ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። እንዲህ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው ያንኑ አጭር ምንባብ 3 ወይም 4 ጊዜ ደጋግሞ ድምፁን እያሰማ ማንበብ ነው። ሰምቶም ካልመለሰ፣ የማያውቃቸው ቃላት እንዳሉ አንድ በአንድ ይጠየቅ፤ ቆጮን አይቶ የማያውቅ ልጅ የእንሰትን ጥቅም ከየት ያመጣዋል?