ኩርዓተ ርእሱ፦ ከመቅደላ የወጣው ሥዕል

ኩርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለዘመናት ይዘውት ኖረዋል፤ በ1860 ዓ.ም. (በ1868 እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ ተዘረፈ። ስሙ ግዕዝ ነው፤ «ራሱን መመታቱ» እንደ ማለት ነው። ከአሥራ ሦስቱ ሕማማተ መስቀል አንዱ «ተኰርዖተ ርእስ» እንደሚባል፣ የስቅለት ዕለት ስግደት ላይ የዋለ ሰው አያጣውም።

የሚገርመው ግን ሥዕሉ የሀገር ቤት ሥራ አይደለም። አጥኚዎች በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ የሣለው ነው ይላሉ። በእንጨት ላይ የተሣለ፣ በክንድ ታቅፈው የሚሄዱበት ትንሽ ነገር ነው። ጎንደር ግን የራሷ አደረገችው። ንጉሡ ሲዘምት አብሮ ይዘምታል። መኳንንቱ ታማኝነታቸውን የሚምሉት በእሱ ነው። አፄ ኢያሱ ዳግማዊ በ1744 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ሱዳን ስናር ላይ ሲሸነፉ ሥዕሉም አብሮ ተማረከ። ዝም አልተባለም፤ እንደ ሰው ምርኮኛ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሰበሰቡት ንብረት ብዙ ነበር። አብዛኛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጣ ነው። ኩርዓተ ርእሱ ግን ከግምጃ ቤት አልተቀመጠም፤ ከራሳቸው አልጋ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

የእንግሊዝ ጦር አምባውን የሰበረው በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር። ቅርስ እንዲመርጥና እንዲሰበስብ ነው የተላከው። ሆምስ የንጉሡን ሬሳ ፊት በእርሳስ ነደፈ። ሥዕሉንም አገኘው፤ አነሣው። ሌላው ዝርፊያ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ሆምስ ለሙዚየሙ በርካታ የብራና መጻሕፍት ገዛ። ሥዕሉን ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም። ለራሱ አስቀረው። ሙዚየም ሲዘረፍ ብዙ ሰምተናል፤ እዚህ ግን የሙዚየሙ ሰው ራሱ ነው ዘራፊው።

በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት፣ ሌላው ይህ ሥዕል። መጽሐፉ ተመለሰ። የዘረፋ ንብረት በዚያን ጊዜ ሲመለስ ብዙም አይታይምና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን «ፈለግን፣ ዱካውም የለም፣ ወደ እንግሊዝ የመጣም አይመስለንም» የሚል ነበር። ንግሥቲቱ ዋሽተዋል ማለት ይከብዳል፤ ሳያውቁ ይሆናል። ሆምስ ግን የት ነበር? ከ1870 ጀምሮ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የራሳቸው የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። የተፈለገው ዕቃ በገዛ ሹማቸው እጅ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በሰፊው አደባባይ የወጣው በ1905 ነው። የሥዕሉ ፎቶ በአንድ ታዋቂ የለንደን የጥበብ መጽሔት ታተመ። ቀድሞ የአቢሲኒያ ንጉሥ ንብረት እንደነበረም ተጻፈ። አፄ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ካረፉ 16 ዓመት ሆኗቸዋል።

ሆምስ በ1911 ሞተ። ሥዕሉ በ1917 ክሪስቲስ በተባለው የለንደን ጨረታ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 እዚያው እንደገና ለጨረታ ቀረበ። የገዛው አንድ ፖርቱጋላዊ የጥበብ ታሪክ ምሁር ነበር፤ ሥዕሉ የሀገሩ ሠዓሊ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ወደ ፖርቱጋል ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። በቀለም የተነሣ ፎቶው ታትሞ የታየው በ1998 ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን መልኩ ጨርሶ አልጠፋም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እያዩ ቀድተውታል፤ ከእነሱም ሌሎች። የእሾህ አክሊል ደፍቶ ደም በፊቱ የሚወርደው ክርስቶስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ ዛሬም አለ።