«ካልነገርናቸው አያውቁም» እና ሌሎች ስህተቶች

ስለ ወሲብ ማውራት ነውር በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ጎረምሶችና ኮረዶች ስለ ሰውነታቸው ከየት ይማራሉ? ወላጆች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከቅን ልብ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ግን ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም ልጆቹ ናቸው።

«እኛ ካልነገርናቸው አያውቁም»

ይሰማሉ፤ ከእኛ አይሁን እንጂ። ከጓደኛ፣ ከሰፈር ወሬ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከስልክ። የባዮሎጂ መምህሩ የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ገጹን ይገልጠዋል። ክፍሉ ይስቃል። ጥያቄ የነበራት ልጅ አንገቷን ትደፋለች፤ ከክፍል ስትወጣ ጓደኛዋን ትጠይቃለች።

ጓደኛዋም የሰማችው ከሌላ ጓደኛ ነው። «በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም» ይባባላሉ። ይረገዛል። «የወር አበባ ያላየች አታረግዝም» ይላሉ። እንቁላል የሚለቀቀው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። «ቀን መቁጠር ይበቃል» የሚሉም አሉ። የወንድ ዘር በሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በጉርምስና የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ የወር አበባ ብዙ ጊዜ ቀኑን ጠብቆ አይመጣም። «በሽታ ያለበት ሰው ያስታውቃል» የሚለው ከሁሉም ያስፈራኛል። እንደ ክላሚዲያ ያሉ የአባላዘር በሽታዎች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳዩም።

«ማስተማር ዓይናቸውን መክፈት ነው»

ልጁን የሚወድ ሰው ይህን ቢፈራ አይገርምም። ግን ነገሩ ተጠንቷል። ዩኔስኮ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ በ2018 ደግሞ ያሻሻለው መመሪያ ከተለያዩ አገሮች የተገኙ ጥናቶችን አይቷል። በደንብ የተዘጋጀ ትምህርት ልጆች ወሲብ ቶሎ እንዲጀምሩ አያደርግም። እንዲያውም የሚያዘገይበት ጊዜ አለ፤ የጀመሩትም ኮንዶምና ሌላ መከላከያ የመጠቀም ዕድላቸው ይጨምራል። «ታቀቡ» ብሎ ብቻ የሚያቆመው ትምህርት ግን ይህን ውጤት አላሳየም።

ደግሞ ትምህርቱ ለሁሉም ዕድሜ አንድ ዓይነት አይደለም። ለትንሽ ልጅ የሚነገረው የሰውነት ክፍሎቹ ስምና ማንም እንዳይነካው ነው። የሰውነቱን ክፍል በስሙ መጥራት የሚችል ልጅ፣ አንድ ሰው ሲተናኮለው ምን እንደተደረገበት መናገር ይችላል። ስሙን እንዳይጠራ የተከለከለ ልጅ በምን ቃል ይናገር?

«ኢንተርኔት አለላቸው»

ጥሩ መረጃም አለው። የወሲብ ፊልም ግን ለማስተማር አልተሠራም። እዚያ ውስጥ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ «አልፈልግም» ሲባልና ሲከበር ማየት ብርቅ ነው። ያንን እያየ ያደገ ልጅ ራሱን ከተዋናይ ጋር ያወዳድራል፤ ሴቷንም እንደዚያው ይጠብቃታል።

«የእናትና የሴት ልጅ ጉዳይ ነው»

ወንዶቹን ማን ያናግራቸው? ጠዋት አንሶላው ረጥቦ ያገኘ ጎረምሳ የታመመ ይመስለዋል፤ ወይም ኃጢአት የሠራ ይመስለውና አንሶላውን ደብቆ ያጥባል። ህልመ ሌሊት የጤነኛ ሰውነት ሥራ ነው። ይህን ለማለት አባት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ለሴቶቹም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አርፍደን ነው የምንነግራቸው። የወር አበባ ብዙ ጊዜ በ12 ወይም በ13 ዓመት ይጀምራል፤ በ9 እና በ10 ዓመት የሚጀምራቸውም አሉ። ደም ካየች በኋላ የሚነገራት ልጅ ድንጋጤውን ብቻዋን ጨርሳዋለች።

«እምነታችን አይፈቅድም»

የእምነት መጻሕፍት ስለ ወር አበባ፣ ስለ ዘር መፍሰስ፣ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት በግልጽ ይናገራሉ። ዝምታው የመጣው ከእኛ እፍረት ነው። ልጁ ከጋብቻ በፊት እንዲቆይ የሚፈልግ ቤተሰብ ይህን ምክንያቱን ጠቅሶ መናገር አለበት። ዝም ካለ ያንን እምነቱንም አላስተላለፈም።

«ችግር ከገጠማቸው ለእኛ ይነግሩናል»

አምስት ዓመት ሙሉ «ዝም በይ፣ አታፍሪም?» የተባለች ልጅ፣ የባሰው ቀን ሲመጣ አትናገርም። እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ የሚሠራው ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከተወሰደ ነው፤ ቶሎ ሲወሰድ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ተደፍራ ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ አንድ ነገር ንገሯት፦ «ምንም ቢደርስብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሽኝ። አልቆጣሽም፤ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።» ለልጁም እንዲሁ። እናንተ ካፈራችሁ፣ የምታምኗት አክስት ወይም ነርስ ትንገራቸው፤ ማን ጋ መሄድ እንደሚችሉ ግን ስሟን ጠርታችሁ አሳውቋቸው።