ፊወርና ማርቲን፦ የብሮድዌይ ሸሪኮች

ሳይ ፊወርና ኧርነስት ማርቲን በኒው ዮርኩ ብሮድዌይ የሙዚቃ ትያትር ፕሮዲዩሰሮች ነበሩ። ፊወር (1911–2006 እ.ኤ.አ.) የብሩክሊን ልጅ ነው። ትራምፔት ይነፋ ነበር፤ ኋላ ሆሊውድ ገብቶ የፊልም ኩባንያውን የሪፐብሊክ ፒክቸርስን የሙዚቃ ክፍል መራ። ማርቲን የመጣው ከሲቢኤስ ሬዲዮ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው በ1948 የተከፈተው «ዌርስ ቻርሊ?» ነው። ሐያስያን ብዙም አላጨበጨቡለትም። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ 792 ጊዜ ታየ። አንድ ቀን ዋናው ተዋናይ ሬይ ቦልገር እየዘፈነ ሳለ፣ የፊወር ትንሽ ልጅ ከተመልካቹ መሀል ድምፁን ከፍ አድርጎ አብሮት ዘፈነ ይባላል። ከዚያ በኋላ ቦልገር አዳራሹን በሙሉ ማዘፈን ልማዱ ሆነ።

የሁለቱ ትልቁ ሥራ የ1950ው «ጋይስ ኤንድ ዶልስ» ነው። እዚህ ላይ ድፍረታቸው ይታያል። ፍራንክ ሎሰር ዘፈኖቹን ጽፎ ጨርሶ ነበር። በጆ ስዌርሊንግ የተጻፈው ድርሰት ግን አልጣማቸውም። ኤብ ቡሮውስን ጠርተው ታሪኩን በተዘጋጁት ዘፈኖች ልክ እንደ አዲስ አስጻፉት። ልብሱ ሳይኖር ቁልፉን መግዛት ማለት ነው! ግን ሰመረላቸው፤ 1,200 ጊዜ ታየ። ለዚህ ትርኢት ታስቦ የነበረው የ1951 የፑሊትዘር የድራማ ሽልማት ግን ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። የቡሮውስ ስም በኮሚኒስትነት ስለተነሳ ነው ይባላል።

በ1954 «ዘ ቦይ ፍሬንድ»ን ከለንደን ሲያመጡ እንግሊዛዊቷን ተዋናይት ጁሊ አንድሩስን ለብሮድዌይ አስተዋወቁ። ትርኢቱ በተከፈተ ማግሥት 19 ዓመት ሞላት። ደራሲው ሳንዲ ዊልሰን ግን በልምምዱ ወቅት ከትያትር ቤቱ እንዳይገባ መታገዱን አልረሳም። ፊወር ዳይሬክተሯንም ገለል አድርጎ ሥራውን ራሱ ያዘው። ትንሽ ጭካኔ አለበት፤ ትርኢቱ ግን በእግሩ ቆመ።

ሁለቱ ያቀረቧቸው «ካን-ካን» እና «ሲልክ ስቶኪንግስ» ደግሞ የዘፈን ደራሲው የኮል ፖርተር ሙዚቃዎች ናቸው። በ1961 ቡሮውስና ሎሰር እንደገና ተገናኝተው «ሀው ቱ ሰክሲድ»ን ሠሩ። 1,417 ጊዜ ታየ፤ ያመለጠው ፑሊትዘርም በ1962 መጣ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል የገነነ የመድረክ ሥራ አልነበራቸውም።

በፊልሙ በኩል ፊወር ያዘጋጀው የ1972ቱ «ካባሬት» 8 ኦስካር ወሰደ። የምርጥ ፊልሙን ግን «ዘ ጎድፋዘር» ቀደመው። በ1985 ሁለቱ «ኤ ኮረስ ላይን»ን ለሲኒማ አበቁ። ማርቲን በ1995 አረፈ። በ2003 ቶኒ የተባለው የብሮድዌይ ትያትር ሽልማት በሕይወት ዘመን ዘርፉ ሲሰጥ የተቀበለው ፊወር ብቻውን ነው።