የአንድ ሰው ሥራ ነው? ግድያዎችን ማያያዝ ምንድን ነው?

ስለ ተከታታይ ገዳይ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው "ማን ነው?" ብለን ነው። መርማሪው ግን ከዚያ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለበት፦ ለመሆኑ እነዚህን ሁሉ የገደለው አንድ ሰው ነው? በተለያየ ቀንና ቦታ የተፈጸሙ ወንጀሎችን መርምሮ ገዳያቸው አንድ ነው ማለት፣ ግድያዎችን ማያያዝ የምንለው ይሄ ነው። ቀላል ይመስላል። ገዳዩ ሳይያዝ ከቀረ ግን የሟቾቹ ቁጥር ራሱ ማከራከሩን አያቆምም።

ለንደን ውስጥ ሴቶችን ገድሎ ሳይያዝ የቀረው ጃክ ዘ ሪፐር ስንት ሰው ገደለ? መልሱ ብዙ ጊዜ "አምስት" ነው። የለንደን ፖሊስ የኋይትቻፕል (የከተማዋ አንድ ሰፈር ነው) መዝገብ ግን ከ1888 እስከ 1891 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የተገደሉ 11 ሴቶችን ይዟል። ታዲያ አምስቱ ከየት መጡ? ሜልቪል ማክናተን የተባለ የፖሊስ ኃላፊ በ1894 በጻፈው ማስታወሻ ሰለባዎቹ አምስት ብቻ ናቸው ብሎ ቁጭ አደረገው። ሰውዬው ፖሊስ ቤት የገባው በ1889 ነው፣ ከአምስቱ የመጨረሻዋ ከተገደለች ከወራት በኋላ ማለት ነው! ዋናው መለኪያ የቢላው አጠቃቀም ነበር፤ ጉሮሮ መቁረጥ፣ ከዚያ ሆድ መቅደድ። ከአምስቱ አንዷ ኤልዛቤት ስትራይድ ግን ጉሮሮዋ ብቻ ነው የተቆረጠው። ሰው መጥቶበት አቋርጦ ሄዷል የሚሉ አሉ፣ በዚያው ሌሊት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሌላዋ ሰለባ ካትሪን ኤዶውስ እዚያው አቅራቢያ ተገድላ ስለተገኘች፤ ስትራይድን የገደላት ሌላ ሰው ነው የሚሉም አሉ።

ወደ ካሊፎርኒያ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በ1968 እና 1969 ራሱን ዞዲያክ ብሎ የጠራ ገዳይ ጥንዶችን በሽጉጥ ተኮሰ፣ ሐይቅ ዳር ሌሎች ጥንዶችን በቢላ ወጋ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የታክሲ ሾፌር ገደለ። በአገዳደሉ ብቻ ቢሆን የታክሲውን ሾፌር ከጥንዶቹ ጋር ማን ያገናኘው ነበር? ያገናኘው ራሱ ገዳዩ ነው። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከሾፌሩ ሸሚዝ ደም የነካው ቁራጭ አብሮ ላከ። ቆጠራውንም እሱ ያዘ፦ በኋላ 37 ደርሻለሁ አለ። ፖሊስ ያረጋገጠው 5 ሟቾችንና 2 የተረፉትን ነው። በሚስጥር ምልክት ከጻፋቸው መልእክቶች አንዱ በ2020 ሲፈታም ስሙ አልተገኘበትም።

ሁለቱን አወዳድሮ "ማን ይበልጥ ብልጥ ነበር?" የሚለው ክርክር እኔን አይጥመኝም። በሪፐር ጊዜ ስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) የጣት አሻራ ክፍል እንኳ አልነበረውም፣ ያ የመጣው በ1901 ነው።

ዲኤንኤ ሲመጣ ምን እንደተለወጠ ማየት ከፈለጋችሁ እዚያው ካሊፎርኒያ ሌላ ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ ሰሜን ላይ ሴቶችን የሚደፍር ሰው ነበር፣ ቀጥሎ ደቡብ ላይ ሰዎችን ቤታቸው ገብቶ የሚገድል መጣ። ለዓመታት በሁለት ስም ተፈለጉ። በ2001 የዲኤንኤ ምርመራ "አንድ ሰው ነው" አለ። ስሙን ለማግኘት ግን 17 ዓመት ፈጀ፦ ዘመዶቻቸውን ለማወቅ ብለው ዲኤንኤአቸውን ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጡ ሰዎች መካከል የሥጋ ዘመዶቹ ተገኙ፣ መርማሪዎቹ የቤተሰቡን ሐረግ ተከትለው ጆሴፍ ደአንጀሎ ጋ ደረሱ። በ2020 13 ግድያዎችን አመነ። የቀድሞ ፖሊስ ነው። በ1979 ከሥራ የተባረረው ከሱቅ መዶሻና ውሻ ማባረሪያ ሲሰርቅ ተይዞ ነበር።