"ውጭ ሄደ ማለት ቀረ ማለት ነው" እና ሌሎች የቡና ላይ ምክሮች

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። የቤቱ ልጅ የልውውጥ ትምህርት ደርሶት መስከረም መጨረሻ ላይ ጀርመን ሊሄድ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚማረው፣ ቴክስታይል። እኔም ከዚያው ወጥቼ አንድ ሴሚስተር ኬምኒትስ በምትባል የጀርመን ከተማ ተምሬ ስለመጣሁ "አንቺ ምከሪው" ተብዬ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ቶናው ሳይቀዳ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው መክሮት ጨረሰ።

ልጁ ሁሉንም "እሺ" እያለ ይሰማል። እኔም ከመሄዴ በፊት እንደዚያው እሺ ብዬ ሰምቼ ነበር። ያስፈራሩኝ ነገር ሳይነካኝ አለፈ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አልጋ ላይ ጣለኝ። የዚያን ቀን መናገር ያልቻልኩትን እዚህ ልጻፈው።

"ውጭ ሄደ ማለት ቀረ ማለት ነው"

ይህን ያሉት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ክፋት የላቸውም። በእሳቸው ዘመን ለትምህርት የወጣ ወይ ዶክተር ሆኖ ይመለሳል፣ ወይ አይመለስም። ልውውጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪነትህ እዚሁ ነው። ዲግሪህንም የሚሰጥህ እዚሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የምትወስዳቸው ኮርሶች ሳትሄድ በፊት አንተና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ትፈራረሙባቸዋላችሁ። ወረቀቱን "ሌርኒንግ አግሪመንት" ይሉታል። ቪዛህም ለዚያው ጊዜ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የልውውጥ ፕሮግራም በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 11 አገሮችና 3,244 ተማሪዎች ነበሩት። ከአውሮፓ ውጭ ላለን ሰዎች ይህ የሴሚስተር ልውውጥ በሰፊው የተከፈተው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ወረቀቷን ግን አትናቃት። እኔ እዚያ ስደርስ አንድ ኮርስ ቀየርኩና "ስመለስ አስፈርማለሁ" ብዬ ተውኩት። ስመለስ ኮርሱ የማንም ልጅ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

"የደሴ ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ?"

አይፈራም። ጦሳ ስር ያደገ ሰው የኅዳርን ጠዋት ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ ተነስተህ ሐረጎን ስትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ጋቢውን መከናነብ የሚጀምርበት ቦታ እንኳ ይታወቃል። ደግሞ እኛን የሚበርደን ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ውጭው ከዜሮ በታች ሲሆን ቤቱ በማሞቂያ ይግላል፤ ክፍል ውስጥ በቲሸርት ይቀመጣሉ። የሚያስፈልግህ አንድ ጋራ የሚያህል ካፖርት ሳይሆን ተደራርቦ የሚለበስ፣ ቶሎ የሚወልቅ ልብስ ነው። (እኔ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ጃኬት ውስጡ የጀርመንኛ ጽሑፍ ነበረበት። ይዤው ስሄድ አገሩ ገባ ማለት ነው።)

የሚከብደው ጨለማው ነው። እኛ ጋ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ቢተያዩ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት እንኳ የላቸውም። ኬምኒትስ ታህሳስ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ልንገርህና፣ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ገደማ። ያውም ደመናው ካስወጣት። ኅዳር ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ፣ ምግብ ሲያስጠላኝ ታምሜ መሰለኝ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ደመናም ቢሆን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ጀመርኩ። ለውጥ አለው።

የአካባቢው ሰው የራሱ መላ አለው። በተራሮቹ በኩል የማዕድን ቆፋሪዎች አገር ነው። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በየመስኮቱ ቅስት ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ መብራት ይደረድራሉ። በጨለማ ወደ ጉድጓድ ገብቶ በጨለማ የሚወጣ ሰው ብርሃን ስለሚናፍቀው ነው ይላሉ። ከትምህርት ስመለስ መስኮት እየቆጠርኩ እሄድ ነበር።

"ቅቤና ቋንጣ ሳትይዝ እንዳትሄድ!"

ይዘህ እንዳትሄድ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ካገኘው ወስዶ ይጥለዋል። እናቴ አንጥራ ያሸገችልኝ ቅቤ ዓይኔ እያየ ቢን ውስጥ ገባ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ "ደረሰ?" ስትለኝ "በልቼ ጨረስኩት" ነው ያልኳት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና የተቆላ ቡና ያልፋሉ።

ጾምም አያስጨንቅህ። "ቪጋን" የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ የጾም ነው። ሐላል የምትፈልግ ከሆነ የቱርኮችና የዓረቦች ሱቆች አሉ። ብቻ እሁድ ሱቅ ዝግ መሆኑን አትርሳ። የመጀመሪያዋን እሁዴን ከሻንጣዬ ባወጣሁት በሶ ነው ያለፍኳት።

"ፈረንጅ አገር ትምህርት ዘና ያለ ነው"

በጣም የሸወደኝ ይሄ ነው። የሸወደኝ ደግሞ እውነት ስለሚመስል ነው።

አብዛኛው ክፍል ላይ አቴንዳንስ የለም። ኩዊዝ የለም፣ ሚድ የለም። መምህሩ አስተምሮ፣ ተማሪው ጠረጴዛ አንኳኩቶ (ጭብጨባቸው ነው) ይወጣል። እኛ በኩዊዝና በአሳይመንት ነጥብ እየለቃቀምን፣ ለፋይናል እየቸከልን የመጣን ልጆች ይህን ስናይ ገነት የገባን ይመስለናል። እኔም ጥቅምትንና ኅዳርን በዚህ ስሜት አሳለፍኩ። ለካ የብዙዎቹ ኮርሶች ውጤት መጨረሻ ላይ በምትሰጥ አንዲት ፈተና ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሒሳቡን ማንም አልነገረኝም። አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ክሬዲት ብዙውን ጊዜ የ30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ 150 ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው የዚያን ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል። የቀረውን ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ትከፍላለህ። ማንም "ክፈል" አይልህም። ታህሳስ ላይ ዙሪያዬን ሳይ ያ ዘና ያለ የመሰለኝ ተማሪ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያድረው።

ሌላም አለ። ለኮርሱ ተመዘገብክ ማለት ለፈተናው ተመዘገብክ ማለት አይደለም። ፈተናው የራሱ ምዝገባ አለው፣ ቀነ ገደብም አለው። ካለፈህ አለፈህ።

ግሬዱ ደግሞ ተገልብጧል። ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ነው። 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፤ 5.0 መውደቅ። የመጀመሪያዬ ውጤት 1.7 ሆኖ ሲመጣ በደስታ ለቤተሰብ ደወልኩ። አባቴ "ከስንት?" አለኝ። ሳላስብ "እንደኛው ነው፣ 4 አለው" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አብሽሪ፣ ዋናው ጤና ነው" አለኝ። ማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እስከ ዛሬም ያመነኝ አይመስለኝም።

"እዚያ ቀበሌ የለም፣ ሁሉም በስልክ ያልቃል"

አለ እንጂ! ቤት በገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው አስተዳደር ሄደህ አድራሻህን ማስመዝገብ ግዴታህ ነው። ያለዚያ ወረቀት ብዙ በር አይከፈትም። ወረፋው ፀሐይ ላይ አይደለም እንጂ ወረፋ ነው፤ ቀጠሮ ይዘህ ትጠብቃለህ።

ደግሞ ብዙው ነገር በደብዳቤ ነው። በወረቀት፣ በፖስታ። የፖስታ ሳጥንህ ላይ ስምህን ካልለጠፍክ አይደርስህም። ስምህ ደግሞ የአባትህ ስም ነው። እኔን "ወይዘሮ" ብለው የአባቴን ስም ያስከትሉ ስለነበር የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለአክስቴ የመጣ ያህል ግራ ገብቶኝ ነው የከፈትኩት። ውስጡ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ጠየቀኝ። ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ነበር። ቴሌቪዥን የለኝም ብትል ዋጋ የለውም፤ ክፍያው በቤት ነው። አብረውህ የሚኖሩት ከከፈሉ ግን አንዱ ይበቃል፤ እሱን ጽፈህ ትልካለህ።

ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ብትማርም ደብዳቤዎቹ ሁሉ በጀርመንኛ ናቸው። አሁን ያሉህን ሁለት ወሮች ቁጥር፣ ሰላምታና "ይቅርታ አልገባኝም" ተማርባቸው።

"ዩሮ እያገኘህ ለቤተሰብ ትልካለህ"

እዚህ ላይ እናቱ ቀና ብላ አየችው፤ አዘንኩ። የልውውጥ ስኮላርሺፕ የሚሰላው ለዚያ አገር ኑሮ ነው። የትምህርት ክፍያ አትከፍልም፣ ግን የቤት ኪራይ አለ፣ የቤት ማስያዣ አለ፣ የግዴታ የጤና መድን አለ። የመጀመሪያው ገንዘብ ከአንተ ዘግይቶ ሊገባ ስለሚችል ለአንድ ወር የሚሆን መጠባበቂያ ያዝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የላስቲክ ጠርሙስ አትጣል፤ ሱቅ ስትመልሰው 25 ሳንቲም ይሰጥሃል። ሳንቲሙ የዩሮ ነው።

"ፈረንጅ ሰው አይወድም"

ይህን ሦስት ሰው ነው የተናገረው። እኔም የመጀመሪያውን ወር አምኜው ነበር። አንድ ኮሪደር ላይ ስምንት ሆነን እንኖራለን። "ሃሎ" ይሉኛል፣ በራቸውን ይዘጋሉ። እኛ ወሎ ለምደን የለ፣ በር ክፍት ነው፣ ቡና ሲሸት ጎረቤት ይመጣል። እዚያ ማን ይምጣ?

አንድ ቀን ግን መጡ። ጥሬ ቡና ይዤ ነበርና የጋራው ማብሰያ ቤት ገብቼ መቁላት ጀመርኩ። ጭሱን ለወጉ ያህል ዞር ዞር አደረግኩት። ኮርኒሱ ላይ የጭስ ጠቋሚ አለ ለካ። ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት! ሰባቱም ከየክፍላቸው ወጡ፤ አንዱ ፎጣ አገልድሞ። ከመሬት በታች ብገባ ደስ ባለኝ። አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ዝም አሰኘችው፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ከዚያ "ሽታው ግን ደስ ይላል" አለች።

ሳይሄዱ ቆዩ። አቦሉንም ጠጡ። ያቺ ልጅ አያቷ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ከቬትናም መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። እኔም ከኮምቦልቻ ነኝ፣ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነው አልኳት። ኬምኒትስም ድሮ በፋብሪካዋ ብዛት "የሳክሶኒ ማንቸስተር" ትባል ነበር። ወሬው ደራ።

ስትሄድ "ደግመን እንገናኝ" ብላ ስልኳን አወጣችና "ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ይመችሻል?" አለችኝ። በጨዋ ደንብ ሸኘችኝ ብዬ ደመደምኩ። ሐሙስ ደረሰ። በቀጠሮዋ ደቂቃ፣ ራሷ የጋገረችውን ኬክ ይዛ በሬን አንኳኳች። ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ሰውን የምንወደው ሳንጠራ በመሄድ ነው። እነሱ ቀኑን አስቀድመው ለአንተ ይቆርጡልሃል፣ ከዚያ ዝናብም ቢዘንብ ይመጣሉ። ቀጠሮ ጠያቂው ግን አንተ መሆን አለብህ። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኮርሶችም ርካሽ ናቸው፤ እኔ መረብ ኳስ ገባሁ። አልችልም። ማንም ግድ አልነበረውም።

(ጥሬ ቡና ግን አትቁላ። ቆልተህ ሂድ።)

"ናፍቆቱ በሁለት ሳምንት ይለቅሃል"

በሁለት ሳምንት አልጀመረኝም። የመጀመሪያውን ወር ፎቶ ሳነሳ ነው ያለፈው። በሰባተኛው ሳምንት ነው ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለ ምክንያት እንባዬ የመጣው። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ሰው በ1960 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፏል። ሰው አዲስ ባህል ሲገባ መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ አለው፣ ቀጥሎ ቀውስ ይመጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያገግማል፣ ይላመዳል ይላል። ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል እንደማያልፍ በኋላ የመጡ አጥኚዎች አሳይተዋል። አንዳንዱን የመጀመሪያው ቀን ራሱ ይጥለዋል። ቢዘገይብህም ቢቀድምብህም ዕብደት አይደለም። የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶቹ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ሄደህ ተናገር።

እኔን ያነሳኝ ግን ካርል ማርክስ ነው ብል ማን ያምነኛል። ኬምኒትስ ከ1953 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ስሟ ካርል ማርክስ ሽታት ነበር። መሐል ከተማ ላይ በ1971 የቆመ የማርክስ ጭንቅላት አለ፤ ጭንቅላቱ ብቻ 7 ሜትር። አንድ እሁድ ፎቶውን ለአባቴ ላክሁለት። አዲስ አበባም በ1984 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው የማርክስ ሐውልት አለ፤ አባቴ በወጣትነቱ አጠገቡ ፎቶ ተነስቷል። ወዲያው ደወለ። ስለ ግሬዱ ዝም ያለው ሰውዬ፣ ስለ ደርግ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አንድ አንድ ፎቶ እልክለት ነበር፣ እሱም ከፎቶው ተነስቶ ወሬ ያመጣል። "እንዴት ነሽ፣ ደህና" ብሎ ከመዝጋት ይሄ ይሻላል።

"ሲመለስ ያው ልጃችን ነው"

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ይህን የተናገረችው የልጁ እናት ናት። እኔም ምንም አላልኩም። ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ግን እሷም ታውቀዋለች። በመጣሁ በሳምንቴ ልጠይቃት ፈለግሁና ስልክ ደወልኩላት። ቤታችን ከቤታቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም። "እትዬ፣ ነገ 10 ሰዓት ላይ ብመጣ ይመችሻል?" አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ከስልኩ ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋ መጣ።

"ምን አስቀየምኩሽ ልጄ?"