የአሜሪካ እግር ኳስ ትጥቅና የአካል ዝግጅት

«እግር ኳስ» የሚለው ስም እዚህ ትንሽ ያሳስታል። ኳሱ ሞላላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ነው የሚያዘው። 11 ለ11 ሆነው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ በሚሆን ሜዳ ላይ ይጋፋሉ። ግጭቱ ራሱ ጨዋታው ስለሆነ ያለ ትጥቅ አይገባበትም።

ከላይ ስንጀምር ፊቱ ላይ ፍርግርግ ያለው ሄልሜት አለ። ቀጥሎ የጥርስ መከላከያ፣ የትከሻ መከላከያ፣ ከዚያ የዳሌ፣ የጭንና የጉልበት መከላከያ ይመጣል። ከታች ታኬታ። የፊት መስመር ተጫዋቾች ትከሻቸው ላይ ወፈር ያለውን ያጠልቃሉ፣ ኳስ ተቀባዮች ግን እጃቸውን እንዳይዝባቸው ቀለል ያለውን ይመርጣሉ።

ብዙ የተጻፈው ስለ ሄልሜት ነው። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ሪቭስ የተባለ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪ ጭንቅላቱን በተደጋጋሚ ተመታ። ሐኪሙ «አንድ ምት ከተጨመረ ወይ ትሞታለህ ወይ ታብዳለህ» ብሎት ነበር ይባላል። እሱ ግን መጫወቱን አልተወም፤ አናፖሊስ ከተማ ያለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ የራስ መከላከያ አሰፋ። ይህ ሰው ኋላ አድሚራል ሆኗል። የመጀመሪያው ሄልሜት የጆርጅ ባርክሌይ ነው፣ በ1896 የተሠራው፣ የሚሉም አሉ። ቀኑን ካየን ግን ሪቭስ ይቀድማል። ከዚያ የቆዳ ዘመን መጣ። በ1939 የቺካጎው ሪዴል ኩባንያ ፕላስቲኩን አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች ይሰነጠቁ ስለነበር ባለሙያዎቹ የሚጫወቱበት ኤንኤፍኤል በ1948 ከልክሏቸው በዓመቱ መልሶ ፈቀደ።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፦ በደህንነት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የቀደሙት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ኮሌጆች ሄልሜትን በ1939 ግዴታ ሲያደርጉ ኤንኤፍኤል እስከ 1943 ቆይቷል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ1962 ጀምሮ የጥርስ መከላከያ ሳያደርጉ አይጫወቱም። ኤንኤፍኤል የጭንና የጉልበት መከላከያን ያስገደደው ገና በ2013 ነው።

ሄልሜት በልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ጠርዙ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት አለበት። የአገጭ ማሰሪያው ከጠበቀ በኋላ ፍርግርጉን ይዘው ሲወዘውዙት የግንባር ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቷል ማለት ነው። በልኩ ቢሆንም እንኳ የራስ ቅልን ነው የሚጠብቀው። ውስጥ ያለው አንጎል ሲናወጥ አያስቆመውም። ናይጄሪያ የተወለደው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ የሞተውን ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል በ2002 መርምሮ ጉዳቱን አሳየ። ኤንኤፍኤል ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ፣ አንድ ከፍተኛ ኃላፊው በ2016 በጨዋታውና በአንጎል ጉዳት መካከል ግንኙነት እንዳለ አመነ። ማን፣ ከስንት ምት በኋላ ይጎዳል የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

ወደ አካሉ ስንመጣ፣ የማራቶን ትንፋሽ እዚህ ብዙም አያዋጣም። አንዱ ቅብብል በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፋታ አለ። የሚፈለገው ፈንድቶ መነሳት ነው። ስለዚህ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ላይ ለኤንኤፍኤል የሚታጩ አዲስ ተጫዋቾች ሲመዘኑ 40 ያርድ ይሮጣሉ፣ 102 ኪሎ ብረትም ደረታቸው ላይ አውርደው የቻሉትን ያህል ይገፋሉ። አንገት ማጠንከርም አይዘለልም።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ትጥቁ ላብን አፍኖ ይይዛል። በ2001 የኤንኤፍኤሉ ቡድን የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተጫዋች ኮሪ ስትሪንገር በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሞተ። ኮሌጆች ከ2003 ጀምሮ ትጥቁን ቀስ በቀስ ማልበስ ጀመሩ። የልምምዱን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሄልሜት ብቻ ነው፤ ልጆቹ በቁምጣና በሄልሜት ሲሯሯጡ ሲታዩ ያስቃሉ። በዚያን ጊዜው ደንብ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የትከሻው ይጨመር ነበር። ሙሉ ትጥቅ በአምስተኛው ቀን ነበር። ሙሉ ትጥቅ በሚለበስበት ቀን ማሊያው በትከሻ መከላከያው ላይ አልወርድ ይላል፤ ከኋላ ቆሞ ቁልቁል የሚጎትትለት ጓደኛ ያስፈልገዋል።